ከባይደዋ የተነሣው ጦርና ተከትሎት የመጣው ፉክክር፦ የጥር 2001 የጉዳይ ጥናት

በጅማ ሄርማታ ሰፈር የምንኖር ሰዎች ሃምሳ አለቃ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤት አሉን። ሶማሊያ ከዘመተው ሠራዊት ጋር ቆይተው የተመለሱ ሲሆኑ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተው የጓሯቸውን ቡና ይንከባከባሉ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሁለተኛው ቡና በቀረበበት ሰዓት፣ ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡትን ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። «ጦራችን ሲወጣ የኃይል ክፍተት ተፈጠረ ይባላል፤ እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ምን ነበር?» አልኳቸው። ሦስት ስኒ ከረከቦቱ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አራርቀው አስቀመጡ፤ አንዱ ሞቃዲሾ፣ አንዱ ባይደዋ፣ አንዱ በለደወይኔ ሆነ፤ የስኳር ዕቃው ደግሞ ድንበራችን። ከዚያ የባይደዋን ስኒ ቀስ ብለው አነሡት። ከሥሩ ክብ የቡና እርጥበት ቀርቶ ነበር። በጣታቸው እያመለከቱ «ባዶ ነበር የሚልህ እዚያ ያልነበረ ሰው ነው፤ እኛ ሳንነሣ ከከተማው ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

የዚህ ጥናት መነሻ ያ ንግግር ነው። የኢትዮጵያ ጦር በጥር 2001 ከሶማሊያ ሲወጣ የሆነውን ከመግባቱ ጀምሮ ዳግም እስከ ተመለሰበት ጊዜ ድረስ ተከታትዬ ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ፤ ቀኖቹም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። የመውጫው ቀን ከወራት በፊት ለሁሉም ወገን የታወቀ ነበር፤ ከቀኑ በፊት ግን በቦታው ተዘጋጅቶ የተገኘው አንድ ወገን ብቻ፣ ታጣቂው አልሸባብ፣ ነው። ጎረቤት መንግሥታት በበኩላቸው ያን ጊዜ የተጠመዱት እያንዳንዳቸው ሌላው ጎረቤት በሶማሊያ የበላይ እንዳይሆን በመከላከል ነበር፤ ይህም ፉክክር ከጦሩ መውጣት በኋላ የበለጠ ሰፋ እንጂ አልቀነሰም።

የገቡበት መንገድ

በግንቦት 1998 መጨረሻ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት በአሜሪካ ይደገፉ የነበሩትን የጦር አበጋዞች አሸንፎ ሞቃዲሾን ያዘ። በ1997 መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ የተቋቋመውና በኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ የሚመራው የሽግግር ፌዴራል መንግሥት ግን ዋና ከተማውን አንድም ቀን አላስተዳደረም። ፓርላማው ከየካቲት 1998 ጀምሮ ይሰበሰብ የነበረው ከሞቃዲሾ በስተሰሜን ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባይደዋ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የአንድ አገር ሕግ አውጪ ምክር ቤት እህል በሚከማችበት አዳራሽ መሰብሰቡ የመንግሥቱን አቅም ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ይናገራል።

የፍርድ ቤቶቹ ኃይል ወደ ባይደዋ ሲጠጋ፣ የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኅዳር 21 ቀን 1999 መንግሥት ወረራን ለመከላከል አስፈላጊና ሕጋዊ የሆነውን እርምጃ እንዲወስድ ፈቀደ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 27፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1725 ወደ ሶማሊያ የሚሄድ ቀጣናዊ ኃይል እንዲቋቋም ሲፈቅድ፣ ከሶማሊያ ጋር የሚዋሰኑ አገሮች ወታደር እንዳያሰማሩ የሚለውን የኢጋድ ዕቅድ ደገፈ። አንባቢ ይህን አንቀጽ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ምን እንደደረሰበት መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። የአንቀጹ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ በሶማሊያ ውስጥ የራሱ ጉዳይ ያለው በመሆኑ ሰላም አስከባሪ ሊሆን አይችልም ከሚል ግንዛቤ የመነጨ ነው። ነገር ግን ውሳኔው በወጣ በአንድ ወር ውስጥ ትልቁ ጎረቤት በሽግግር መንግሥቱ ጥሪ ጦሩን አስገባ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 1999 ሞቃዲሾ ተያዘች።

ቀጥሎ የመጣውን ሁለት ዓመት በዝርዝር አላነሣም፤ የሞቃዲሾ ነዋሪ በመቶ ሺዎች እየተፈናቀለ ከተማውን ለቅቆ የወጣበት፣ በየመንገዱ ፈንጂ የሚጠመድበት፣ በሁለቱም በኩል ብዙ ሕይወት የጠፋበት ዘመን ነበር። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ታሪክ ነው። ኅብረቱ ጥር 11 ቀን 1999 አሚሶምን ሲያቋቁም 8,000 ወታደር ታቅዶ ነበር። ኡጋንዳ በየካቲት ወር ማብቂያ የመጀመሪያውን ጦር ላከች፤ ቡሩንዲ ከመንፈቅ በላይ ዘግይታ በ2000 ተከተለች። ናይጄሪያ፣ ጋናና ማላዊ የገቡት ቃል ሳይፈጸም ቀረ። የኢትዮጵያ ጦር በሚወጣበት ሰዓት አሚሶም በሞቃዲሾ የነበሩት ወታደሮች 3,400 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ የሚጠብቁትም አውሮፕላን ማረፊያውን፣ ወደቡን፣ ቤተ መንግሥቱንና የሚያገናኟቸውን ጥቂት መንገዶች ነበር።

እያንዳንዱ ጎረቤት የያዘው ሰው

ፉክክሩን ለመረዳት ጎረቤቶቹ ከማን ጋር እንደቆሙና ለምን እንደቆሙ ማየት ያሻል። አዲስ አበባ ከአብዱላሂ ዩሱፍ ጋር የነበራት ግንኙነት ረጅምና የተወሳሰበ ነበር። ሰውየው በ1970 በሲያድ ባሬ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽተው አማፂ ድርጅት የመሩ፣ ቆይቶም በደርግ ታስረው ሥርዓቱ እስኪወድቅ ድረስ እስር ቤት የቆዩ፣ ከዚያ በኋላ የፑንትላንድ አስተዳደር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑ ናቸው። ለኢትዮጵያ መንግሥት ዋናው ቁም ነገር በሞቃዲሾ የሚቀመጠው መንግሥት የኦጋዴንን ጥያቄ የማያነሣና ለአማፂው የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባርም (ኦብነግ) ሆነ ለኤርትራ መተላለፊያ የማይሆን እንዲሆን ነበር። ይህ ሥጋት ከ1969ኙ ጦርነት የተወረሰ ነው፤ በሌላ ወገን የቆሙት፣ ከፍርድ ቤቶቹ መሪዎች አንዱ የሆኑት ሼክ ሐሰን ዳሂር አዌይስም ቀድሞ በሶማሊያ ጦር ውስጥ ኮሎኔል የነበሩ ሰው መሆናቸው ያን ትውስታ ሕያው አድርጎታል።

አስመራ ከሶማሊያ ጋር ድንበር የላትም። የሚያስገባት ባድመ ነው። የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 የሰጠው ውሳኔ መሬት ላይ ሳይተረጎም በመቅረቱ፣ ከኢትዮጵያ ጋር ፊት ለፊት ከመዋጋት ይልቅ የኢትዮጵያን ጦር በሌላ ግንባር የሚይዝ ኃይል መደገፍን መረጠች። ከሞቃዲሾ የሸሹት የፍርድ ቤቶቹ መሪዎች በጳጉሜን 1999 እና በ2000 መግቢያ አካባቢ አስመራ ተሰብስበው የሶማሊያ ዳግም ነፃነት ኅብረት የተባለውን ጥምረት የመሠረቱት በዚህ ምክንያት ነው። ኤርትራ ከዚያ ቀደም ብላ በ1999 ከኢጋድ አባልነቷ ራሷን ስላገለለች፣ ጎረቤቶቿ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ እሷ በቦታው አልነበረችም። እንደ እኔ አስተያየት ይህ መነጠል ለኢትዮጵያ ዲፕሎማሲ ድል ሆኖ ቢቆጠርም፣ ለጉዳዩ ግን ጉዳት ነበር፤ ነገር ማበላሸት የሚችል ወገን ከድርድሩ ውጪ ሲሆን የሚቀረው ሥራ ማበላሸት ብቻ ነው።

ኬንያ የምትፈልገው ሌላ ነበር። ሰሜን ምሥራቋ ሶማሊኛ ተናጋሪ ነው፤ ነፃነቷን ባገኘች ማግስትም እዚያው የመገንጠል ጦርነት ገጥሟታል። ስለዚህ በጁባ ወንዝ አካባቢ ለእሷ የሚመች አስተዳደር ቢኖር ትወዳለች። አዲስ አበባ ይህን በጥርጣሬ ታየው ነበር፤ በጁባላንድ ጠንካራ አስተዳደር ቢቋቋም የኦጋዴን ጎሣ ሰዎች የሚያይሉበት ይሆናል፣ ለኦብነግም ይተርፋል የሚል ሥጋት ነበራት። ሁለቱ አገሮች ከነፃነት ጊዜ ጀምሮ የመከላከያ ስምምነት ያላቸው ወዳጆች ሆነው ሳለ፣ ጁባላንድ ላይ ሲደርሱ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት ያቅታቸው ነበር።

ጅቡቲ አደራዳሪ ሆነች። ሰኔ 2 ቀን 2000 የሽግግር መንግሥቱና በሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ የሚመራው የጥምረቱ ክንፍ እዚያ ስምምነት ላይ ሲደርሱ፣ በማግስቱ የጅቡቲና የኤርትራ ወታደሮች ራስ ዱሜራ ላይ ተታኮሱ። አንዱ ሌላውን አመጣው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ይዤ አይደለም የማነሣው። ቀኖቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ የሶማሊያ ጉዳይ ምን ያህል በጎረቤቶቹ ሌሎች ቁርሾዎች መካከል እንደተያዘ ለማሳየት ነው።

በወረቀት ላይ የተፈረመ መርሐ ግብር

የጅቡቲው ስምምነት ዋና ልብ የመውጫ መርሐ ግብር ነበር። ጥቅምት 16 ቀን 2001 ሁለቱ ወገኖች ተኩስ አቁም ፈርመው የኢትዮጵያ ጦር በኅዳር አጋማሽ ከሞቃዲሾና ከበለደወይኔ አንዳንድ ይዞታዎች መንቀሳቀስ እንዲጀምር፣ ሁለተኛው ዙር ደግሞ በ120 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ተስማሙ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኅዳር ወር ውስጥ ከዚህ ቀድሞ እንደሚወጣ አስታወቀ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የተበላሸው በዚህ ቦታ ነውና። መርሐ ግብሩን የፈረሙት ሁለት ወገኖች ሁለቱም መሬት አልነበራቸውም። የሽግግር መንግሥቱ ከባይደዋና ከሞቃዲሾ ጥቂት ሰፈሮች በቀር ምንም አያዝም ነበር፤ የሼክ ሸሪፍ ክንፍም ታዛዥ ተዋጊዎቹ ጥቂት ነበሩ። ደቡቡን በእጁ ያስገባው ከፍርድ ቤቶቹ ኃይል የወጣው አልሸባብ ነው። ኪስማዮን በነሐሴ 2000 ወስዷል፤ የመርካ ወደብም በኅዳር 2001 ወደ እሱ ዞረ። አስመራ የቀረው የጥምረቱ ክንፍ በአዌይስ መሪነት ስምምነቱን አልቀበልም አለ። ስለዚህ ጦሩ በየትኛው ሳምንት ከየትኛው ከተማ እንደሚነሣ የሚገልጽ ሰነድ በአደባባይ ወጣ፤ በዚያ ሳምንት በዚያ ከተማ ማን እንደሚረከብ ግን መልስ ያለው አልነበረም። ሰነዱን ለመጠቀም የተዘጋጀው ያልፈረመው ነበር።

በዚያው ወቅት የሽግግር መንግሥቱ ከውስጥ ተሰነጠቀ። ፕሬዚዳንት አብዱላሂ ዩሱፍ በጅቡቲው ንግግር ብዙም አልተዋጠላቸውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኑር ሐሰን ሁሴን ደግሞ የድርድሩ ሰው ነበሩ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አባረሩ፤ ፓርላማው በማግስቱ ባይደዋ ተሰብስቦ ለተባረሩት ድምፅ ሰጠ። ኬንያ በፕሬዚዳንቱ ላይ ማዕቀብ እንደምትጥል አስታወቀች፤ ኢጋድም ተከተለ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 አብዱላሂ ዩሱፍ ሥልጣን ለቀቁ። ኢትዮጵያ ለዓመታት የደገፈቻቸው ሰው ጦሯ ከመውጣቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ከመድረኩ ወረዱ ማለት ነው። ይህ የሆነው በአዲስ አበባም ፈቃድ ጭምር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ኢጋድ ውስጥ ከአዲስ አበባ ፈቃድ ውጪ የሚያልፍ ውሳኔ በዚያ ጊዜ አልነበረምና። እንደ እኔ ግምት፣ ኢትዮጵያ ሰውየውን መተዋ ከጅቡቲው መንገድ ውጪ ሌላ መውጫ እንደሌላት መቀበሏን ያሳያል። ብልህ ውሳኔ ነበር። የጎደለው ከሰውየው ጋር አብሮ የሚፈርሰውን የጎሣና የታጣቂ ሰንሰለት የሚተካ ነገር በባይደዋ አለመዘጋጀቱ ነው።

ጥር 2001

ጥር 5 ቀን የኢትዮጵያ ወታደሮች በሞቃዲሾ የያዟቸውን ዋና ዋና ጣቢያዎች ለሽግግር መንግሥቱና ለሼክ ሸሪፍ ታጣቂዎች ማስረከብ ጀመሩ፤ ጥር 7 የመጨረሻዎቹ ከተማዋን ለቀቁ። ጥር 8 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1863 ለአሚሶም የሎጂስቲክስ ድጋፍ እንዲሰጥ ወሰነ። ድጋፉ አስፈላጊ ነበር፤ የመጣው ግን ጦሩ በተነሣ ማግስት ነው።

የፓርላማው አባላት በዚያን ሰሞን ባይደዋ አልነበሩም። ጅቡቲ ሆነው የምክር ቤቱን መቀመጫ ወደ 550 ለማስፋትና አዲስ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ተሰብስበዋል። ጥር 17 የመጨረሻው የኢትዮጵያ ጦር ከባይደዋ ወጥቶ ድንበሩን ተሻገረ። ጥር 18 አልሸባብ ከተማዋን ተቆጣጠረ፤ ያ የእህል መጋዘንም በእጁ ገባ። ጥር 23 ጅቡቲ ላይ ሼክ ሸሪፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በአምስት ቀን ልዩነት ውስጥ አዲሱ መንግሥት መሪ አገኘ፤ የሚቀመጥበት ከተማ ግን አጣ።

ሃምሳ አለቃ በዚያች ቀን ስለ ነበረው ጉዞ ብዙ አይናገሩም። አንድ ነገር ብቻ ሁለት ጊዜ ነግረውኛል። ከከተማው ሲወጡ፣ በየቀኑ ሻይ ይሸጥላቸው የነበረ ጎልማሳ ሱቁን ዘግቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እጁን አላነሣም፤ ፊቱንም አላዞረም። «እኛን ሲያይ አልነበረም፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣውን ነበር የሚጠብቀው» ይላሉ።

ሁሉም ቦታ ግን እንደ ባይደዋ አልሆነም። በመካከለኛው ሶማሊያ የሱፊ መሻይኾችን መቃብር መፍረስ የተቃወመው አህሉ ሱና ወልጀማዓ በታኅሣሥ ጉርኤልን፣ በጥር መጨረሻ ደግሞ ዱሳማሬብን ከአልሸባብ ነጠቀ። ይህን ንጽጽር ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከጉዳዩ ሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ አድርጌ አየዋለሁ። ጉርኤልም ከኢትዮጵያ ጦር በኋላ ብቻዋን የቀረች ከተማ ነበረች። በዚያ ግን የአካባቢው ሰው ለሚያምንበት ነገር የሚዋጋ ኃይል አደራጅቶ ስለነበር ውጤቱ ተለየ። ኢትዮጵያም ይህን ኃይል ቶሎ ተረድታ ደገፈችው፤ መጋቢት 6 ቀን 2002 በአዲስ አበባ ከሼክ ሸሪፍ መንግሥት ጋር ተፈራረመ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ዘግይቶ ማለት ነው።

የሦስት ዓመት ዙር

ከጦሩ መውጣት በኋላ ብዙዎች የጠበቁት የተቃውሞው ምክንያት በመወገዱ ውጊያው እንዲበርድ ነበር። በከፊል እውነትነት ነበረው፤ አንዳንድ ታጣቂዎች ወደ ሼክ ሸሪፍ ዞረዋል። ሆኖም አዌይስ በሚያዝያ 2001 ከኤርትራ ወደ ሞቃዲሾ ተመለሱ፤ ወሩ ሳያልቅ የእሳቸው ወገን የሆነው ሂዝቡል ኢስላምና አልሸባብ ተባብረው በመንግሥቱ ላይ ከባድ ጥቃት ከፈቱ። አስመራ በበኩሏ ታጣቂ አላስታጠቅሁም ስትል ቆይታለች። ኢጋድና የአፍሪካ ኅብረት በግንቦት በኤርትራ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ጠየቁ፤ ኅብረቱ በራሱ አባል አገር ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረቡ ያልተለመደ ነበር። ታኅሣሥ 14 ቀን 2002 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1907 የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ፤ 13 አገሮች ደገፉ፣ ሊቢያ ተቃወመች፣ ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ማዕቀቡ የተነሣው ኢትዮጵያና ኤርትራ ከታረቁ በኋላ በኅዳር 2011 ነው። ሶማሊያ በዚያ ጊዜ አልተረጋጋችም፤ የተለወጠው በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል ያለው ነገር ነበር። ማዕቀቡም ሆነ መነሣቱ ምን ያህል በሁለቱ ግንኙነት የሚመራ እንደነበር ከዚህ በላይ ማሳያ አልፈልግም።

ሰኔ 11 ቀን 2001 የመንግሥቱ የጸጥታ ሚኒስትር ኡመር ሀሺ አደን በለደወይኔ በአጥፍቶ ጠፊ ተገደሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ጎረቤት አገሮች በ24 ሰዓት ውስጥ ጦር እንዲልኩ ተማጸኑ። ይህ የተጠየቀው የኢትዮጵያ ጦር ከወጣ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ከሌለ አልገባም አለች። ያ መልስ የተገኘው ከሁለት ዓመት መራራ ልምድ ነው፤ ያለ ማኅተም የገባ ጦር የወራሪ ስም ይዞ እንደሚወጣ ተምራለች። ከዚያ ወዲያ ስትሠራ የቆየችው ድንበሯ ላይ ሆና ወዳጅ ታጣቂዎችን ማሠልጠንና አሚሶም እንዲጠነክር መወትወት ነበር።

ክፍተቱን በሞቃዲሾ የሞላችው ኡጋንዳ ናት፤ ከሶማሊያ ጋር የማትዋሰን በመሆኗ ከሁሉ ያነሰ ጥርጣሬ ነበረባት። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ምሽት፣ ሰው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በሚያይበት ሰዓት፣ አልሸባብ ካምፓላ ላይ ባፈነዳው ቦምብ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኡጋንዳ ግን ከመውጣት ይልቅ ተጨማሪ ጦር ላከች። ሐምሌ 30 ቀን 2003 አልሸባብ ሞቃዲሾን ለቅቆ ወጣ።

በዚያው ወር በደቡብ ሶማሊያ ረሃብ ታውጆ ነበር፤ በኋላ የተሠራው ግምት 260,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ያሳያል። ግማሹ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው። የድርቁ ምክንያት ሰማይ ነበር፤ የርዳታው አለመድረስ ምክንያት ግን አልሸባብ ድርጅቶችን ማገዱና ለጋሾችም ገንዘባችን በታጣቂ እጅ ይገባል በሚል መሸሻቸው ነው። ከዚያ የተረፈው ወደ ዶሎ አዶ ተሰደደ። በዚያ አካባቢ የቦቆልማዮ መጠለያ ጣቢያ የተከፈተው ገና በ2001፣ ጦሩ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር፤ በ2003 ሦስተኛና አራተኛ ጣቢያ መጨመር ግድ ሆነ። ጦር ከአገር ሲወጣ ሕዝብ ወደ እኛ መግባቱን በሒሳቡ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ስለማላገኝ ይህን እዚህ ማስፈር ግዴታዬ ነው።

የረሃቡ ወር አዲስ ጎረቤትም አመጣ። ነሐሴ 13 ቀን 2003 የቱርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ረጀብ ጣይብ ኤርዶጋን ከነቤተሰባቸው ሞቃዲሾ ገቡ፤ በወራት ውስጥ የቱርክ አየር መንገድ መደበኛ በረራ ጀመረ። ጎረቤቶቹ ለሃያ ዓመት በጠመንጃ ያልገዙትን ስም አንካራ በሆስፒታልና በመንገድ ገዛችው። ይህን ስል ቱርክ ጥቅም አልፈለገችም ማለቴ አይደለም፤ በ2010 ሞቃዲሾ ላይ የከፈተችው ትልቅ የጦር ማሠልጠኛ ጥቅሟን ያሳያል።

ኬንያ ደግሞ መጠበቅ ሰለቻት። በመጋቢት 2003 ናይሮቢ ላይ «አዛኒያ» የተባለ የጁባላንድ አስተዳደር ታወጀ፤ ጥቅምት 5 ቀን 2004 የኬንያ ጦር ራሱ ድንበር ተሻገረ። በመጨረሻ ኪስማዮ ላይ የተቀመጡት አሕመድ ማዶቤ ግን በ1999 በፍርድ ቤቶቹ ዘመን የዚያችው ከተማ አስተዳዳሪ የነበሩ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ ጦር ያባረራቸውን ሰው ኬንያ መለሰቻቸው፤ ኢትዮጵያም ቆይታ ተቀበለቻቸው። ኬንያ ከገባች ከአንድ ወር በኋላ የኢትዮጵያ ጦርም ተመለሰ። የሁለቱ አገባብ በይፋ ተቀናጅቶ ነበር፤ እኔ ግን አዲስ አበባ ጁባላንድን ለናይሮቢ ብቻ ለመተው አለመፈለጓ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር ብዬ አምናለሁ። በለደወይኔ ታኅሣሥ 21 ቀን 2004፣ ባይደዋ የካቲት 14 ቀን 2004 ተያዙ።

የውሳኔ 1725 አንቀጽ

አሁን ወደ አንቀጹ እመለሳለሁ። የጅቡቲ ወታደሮች በታኅሣሥ 2004 አሚሶምን ተቀላቀሉ። የኬንያ ጦር በዚያው ዓመት በተልእኮው ሥር ገባ። ጥር 14 ቀን 2006 ደግሞ ኢትዮጵያ ገባች፤ የተልእኮው ጣሪያም 22,126 ደርሶ ነበር። በኅዳር 1999 የሶማሊያ ጎረቤቶች ጦር እንዳይልኩ የተባለበት ቦታ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ የሦስቱም ጎረቤቶች ጦር በአረንጓዴ የኅብረቱ ምልክት የሰፈረበት ሆነ። ኬንያና ኢትዮጵያ ለድንበራቸው የሚቀርበውን ክፍል ያዙ፤ ኬንያ ታችኛውን ጁባ፣ ኢትዮጵያ ቤይን፣ ባኮልንና ጌዶን፤ ጅቡቲ ደግሞ ሂራንን ያዘች። የኢትዮጵያ ክፍል ማዘዣ ባይደዋ ነበረች።

ተማሪዎቼ ከዚህ ተነሥተው «ታዲያ በጥር 2001 ባይወጣስ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴ ግን መውጣቱ ትክክል ነበር የሚል ነው። ጦሩ በሞቃዲሾ በቆየ ቁጥር አልሸባብ የሚመለምልበት ስብከት ይበዛ ነበር። ስሕተቱ ሌላ ነው። አሚሶም ከታቀደው ግማሽ ሳይሞላ፣ ለባይደዋ አንድ የሚረከብ ሻለቃ ሳይመደብ፣ አህሉ ሱናን የመሰለ በሕዝቡ የታቀፈ ኃይል ባለበት ቦታ ቀድሞ ስምምነት ሳይደረግ፣ አስመራን የሚያስገባ አንድ በር እንኳን ሳይከፈት የቀን ቁጥር ብቻ ወደ አደባባይ ወጣ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በኋላ ተሟልተዋል፤ አሚሶም ሞላ፣ አህሉ ሱና ፈረመ፣ ኢትዮጵያ በማኅተም ገባች። ሁሉም ግን ዘግይተው፣ አንዳንዱም ከረሃቡና ከሦስቱ ዓመት በኋላ።

ይህን ጽሑፍ ለሃምሳ አለቃ አንብቤላቸው ነበር። ስለ ውሳኔዎቹና ስለ ቁጥሮቹ ምንም አላሉም፤ የጥር 18ቱ አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን አስቆሙኝ። የካቲት 14 ቀን 2004 ባይደዋ ዳግም መያዟን የሰሙት እዚሁ ጅማ፣ ቤታቸው ሆነው በሬዲዮ ነበር። «ያን ቀን ለልጄ ደጋግሜ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው» አሉኝ፤ «መጋዘኑስ ቆሟል ወይ?»